ቅጠሌን አልነቅልም

ሌሊቱን በሕልሜ ከአሣዎቼ ጋር ቦታ ተቀያይረን አደርን።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ በእውኑ ዓለም ሳሎናችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ሦስት ቀያይ አሣዎች ያሉበት የመስታወት ገንዳ አለኝ። ውሃውን የሚያጣራው ፓምፕ መብራት በጠፋ ቁጥር እየቆመ አሣ ቢፈጅብኝ አውጥቼ ጣልኩትና ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የውሃ ተክሎች ተከልኩበት። አሣው የሚጥለውን ቆሻሻ ሥሮቻቸው ይበሉታል፤ ቅጠላቸው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኝ ለአሣው ትንፋሽ ይሰጣል። ውሃው ኩልል አለ። ሰው ግን አላመነኝም። ባለቤቴ ትርሲት «ሳሎኔን ረግረግ አደረግኸው» አለች፤ ጎረቤት ሳቀ። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ይሳቁ አልኩ።

ትናንት ማታ አማቴ እትዬ በላይነሽ ከደብረ ሲና መጡ። አልጋውን ለእናትና ልጅ ለቅቄ ከገንዳው አጠገብ ሶፋ ላይ ተኛሁ። ዓይኔን ስከድን መስታወቱ ውስጥ ነበርኩ።

አሣዎቼ ሶፋው ላይ እግራቸውን አነባብረው ያዩኛል። እግር ከየት እንዳመጡ አልጠየቅሁም።

«ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምነው አይዋኝም?» አለ ትልቁ።

«ርቦት ይሆናል፤ ዳቦ ጣልለት» አለችው ሚስቱ።

ሙሉ ድፎ አናቴ ላይ ወረደ። ተንገዳግጄ ስነሳ ተክሎቼ ሥሮቻቸውን እንደ ቀሚስ ሰብስበው ፊቴ ተሰልፈዋል።

«ጌታዬ፣ ቆሻሻ አይኖርዎትም?» አለች ከፊት ያለችው።

«ትናንት ነው የታጠብኩት።»

«ምን በደልንዎት?» ብላ አለቀሰች። «ልጆቼ ምን ይብሉ?»

አፍሬ የሸሚዜን ኮሌታ ሰጠኋት። አጣጥማ በላችው። ኮሌታው ነጣ፣ ደረቴም ቀለል ብሎኝ መተንፈስ ጀመርኩ። ሌሎቹም ተጋፍተው ካልሲዬ ላይ ሰፈሩ።

በዚህ መሀል ያ የጣልኩት ፓምፕ ከረባት አስሮ ከች አለ። ገመዱን ድመት ከኋላው ትሸከምለታለች።

«እነዚህ ቅጠሎች ዛሬውኑ ይነቀሉ!» አለ።

«ምን አጠፉ?»

«ገመድ የላቸውም። ገመድ የሌለው ሠራተኛ በምን ይታመናል?»

«እነሱ ከተነቀሉ እኮ ታፍኜ መሞቴ ነው!»

«ታዲያ ምን አለበት? ንጹሕ ሆነህ ነው የምትሞተው።»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። እሱን አምኜ ስንት አሣ ቀብሬያለሁ! «ክሰሰኛ!» አልኩት።

ፍርድ ቤቱ ታክሲ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ፍርድ! ፍርድ! አንድ ሰው የቀረው ፍርድ!» እያለ ይጣራል። ተክሎቼን በጉያዬ ይዤ ስገባ ሞላ። ዳኛው ጋቢና የተቀመጡ ሙክት በግ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አበጥረዋል።

«ቶሎ ቶሎ በሉ፤ ፋሲካ ሳይደርስ ጉዳዬን ሁሉ መጨረስ አለብኝ» አሉ።

ፓምፑ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ ሆይ፣ እኔ ያለ ዕረፍት፣ ቀን ከሌት፣ አንድም ጊዜ ሳላቋርጥ...» ሲል መብራት ጠፋ። አፉን እንደከፈተ ቀረ። ታክሲውም ቆመ። ድመቷም አንድ እግሯን እንዳነሳች ደረቀች። ተክሎቼ ግን በመስኮቱ የገባውን ፀሐይ እየጠጡ አረፋቸውን ይለቁ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እነሱ አንገቱን እያሰገገ ተነፈሰ።

«ይመልከቱ ክቡርነትዎ!» ብዬ ጮህኩ። «እሱ ቆሟል፣ እነሱ እየሠሩ ነው! እርስዎም አሁን የተነፈሱት ከእነሱ ነው!»

«አይቻለሁ፤ ተንፍሻለሁም» አሉ ሙክቱ ረጋ ብለው። «ነገር ግን ከሳሽ ሐሳቡን ሳይጨርስ በመቅረቱ አንጀቴን በልቶታል። ስለዚህ ተክሎቹን ንቀልና ጣል። በገዛ እጅህ።»

«አልነቅልም!»

«ፍርድ እኮ ነው።»

«ፍርድም ቢሆን አልነቅልም!»

ሥሮቻቸውን እንደ መቀነት ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ብሎ እግሬን ያዘ። ተሳፋሪው የረዳቱን ወገብ፣ ድመቷ የተሳፋሪውን ኮት ያዙ። ይባስ ብሎ አሣዎቼም ከሶፋው ተነስተው መጡና ከእነሱ ጋር መጎተት ጀመሩ።

«እናንተም?» አልኳቸው።

«ሁሉም ሲጎትት ዝም ብለን እንይ እንዴ?» አለ ትልቁ አሣ።

«ጎትቱ! እስክትደክሙ ጎትቱ! ከእነሱ ጋር እነቀላለሁ እንጂ አልነቅላቸውም!»

እግሬ ሊገነጠል ደረሰ። ዓይኔን ስገልጥ እግሬን የያዙት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

«ተነስ እንጂ ልጄ! እኛ ቅዳሴ ሄደን ተመልሰን፣ ወጡም ደርሶ አንተ ትጮሃለህ? እሑድ እኮ ነው፣ በጠዋት ይበላል።»

ቀና ብዬ ገንዳውን አየሁ። አንድ ቅጠል የለም። ውሃው እንደ ክረምት ጎርፍ ደፍርሷል፤ ሦስቱ አሣዎች ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ማዕዱ ቀርቧል፤ እንጀራው ላይ አረንጓዴ ነገር ይጨሳል።

«ጎመኑን እንዳይጠወልግ ውሃ ውስጥ ማቆየታችሁ ደስ አለኝ» አሉ እትዬ በላይነሽ። «መብራት ከሌለ ፍሪጅ ምን ይሠራል? ደጋግሜ አጠብኩና በነጭ ሽንኩርት ከሰል ላይ አቁላላሁት። አሣዎቹን ግን አልነካሁም፤ እኔ በሁዳዴ አሣ አልበላም። ለፋሲካ ትንሽ ይደልቡ።»

ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ አፍናለች።

አማቴ ጠቀለሉ። ትልቅ ጉርሻ ነው። ወደ አፌ አመጡት።

«ጉረስላት፤ ትቀየማለች» አለች ትርሲት በዓይኗ እየለመነችኝ።

በአገራችን የአማት ጉርሻ እምቢ አይባልም። ተነሳሁና ከገንዳው ፊት ቆምኩ።

«አልጎርስም» አልኩ።

«ምን አልክ? የእኔን ጉርሻ?»

«የእርስዎንም ቢሆን፣ እማማ።»

እጃቸው አልወረደም። የእኔም አፍ አልተከፈተም።