ከፈርዖን ጉልበት ሥር

ሰው ስሙን የሆነ ቦታ ላይ ካልጻፈ የኖረ አይመስለውም። ተማሪ ሳለን ዴስክ በምላጭ ፈቅፍቀናል፤ ፍቅር ሲይዘን የምስኪኑን ባሕር ዛፍ ልጥ ገፍፈናል። ወደዚህ አሜሪካ ከመጣን ወዲህ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ስማችን የሚጻፈው በአፓርትመንቱ ፖስታ ሳጥን ላይ በተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት ነው። ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ ባለቀ ማግስት ማኔጀሩ መጥቶ በጥፍሩ ይልጣታል። እኔ ኦክላንድ ውስጥ ስንት አፓርትመንት እንደቀያየርኩ አልቆጥርላችሁም፤ ከሁሉም ግን በጥፍር ተልጫለሁ።

ይህን መላጥ ከሁሉም አብልጦ የፈራ ሰው ቢኖር ዳግማዊ ራምሴስ ነው። የግብፁ ፈርዖን። ዳውንታውን በምሠራበት የፓርኪንግ ጋራዥ ቡዝ ውስጥ የሚገባ የሚወጣ መኪና ሲጠፋ አነባለሁ፤ ካነበብኳቸው ነገሥታት ሁሉ እንደሱ ስሙን የሚወድ አላጋጠመኝም። ከስድሳ ዓመት በላይ ነገሠ። ተራራ አስፈልፍሎ ራሱን አራት ቦታ አስቀመጠ፤ አንዱ እንዳያንሰው። ከሱ በፊት የነበሩ ነገሥታት ያቆሙትን ሐውልት ደግሞ ስማቸውን እያስፋቀ የራሱን አስቀረጸበት። ከዚያ ሳይሆን አይቀርም ሐሳብ የገባው። እኔ የፋቅኩትን ያህል እኔን የሚፍቅ ቢመጣስ? ስለዚህ የራሱን ስም ጣት እስኪገባበት ድረስ አስቆፈረው። ሌባ ለቤቱ ጠንካራ ቁልፍ የሚገዛው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ድንጋዩን የቆፈሩት ናቸው። የነገሥታቱን መቃብር የሚሠሩት ሰዎች መንደር ነበራቸው፤ ሥራ የቀሩበት ምክንያትም ሸክላ ላይ ይጻፍባቸው ነበር። አንዱ ጊንጥ ነድፎት ቀረ። አንዱ ዓይኑን አሞት። አንዱ ወንድሙን ሊቀብር። አንዱማ ጠላ ሊጠምቅ! ጠላው ለእኔ ነው እንጂ ለእነሱ ቢራ ነው፣ ግን ያው ነው። ሲክ ኮል ማድረግ፣ አሞኛል ብሎ ደውሎ መቅረት፣ ከፈርዖን የማይተናነስ ዕድሜ እንዳለው ለሱፐርቫይዘሬ ነግሬው ነበር። አልሳቀም።

አሁን ወደ ጋሼ ደምሴ ልውሰዳችሁ።

ጋሼ ደምሴ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ ጎረቤቴ ናቸው። ሌላው ሰው የልጅ ልጁን ፎቶ ከስልኩ እያወጣ ሲያሳይ እሳቸው መቃብራቸውን ያሳያሉ። አትደንግጡ። አዲስ አበባ፣ አንድ ደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ አገር ቤት ሄደው በሕይወት እያሉ አሠርተውት ነው የተመለሱት። ጥቁር እብነ በረድ ነው፤ ባለ ከረባት ፎቷቸው በመስተዋት ተሸፍኗል፤ ዙሪያው በሰንሰለት ታጥሯል። ሠርግ ላይ ያሳያሉ፣ ክርስትና ላይ ያሳያሉ፣ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን ለታማሚው አሳይተዋል። ሁላችንም «ያምራል» ብለናል። መቃብር ያምራል ከመባል ሌላ ምን ይባላል?

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ግን ዝምተኛ ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ የሰው አገር ሽማግሌ ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ኖረው፣ አሁን በተራቸው ልባቸው ከዳቸው። ፓሎ አልቶ ያለ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተይዞላቸው ነበር፤ ሐሙስ። ሐኪሙ እንደ ደንቡ ሁሉንም ተናግሯል፤ ሊድኑ ይችላሉ፣ ላይነሡም ይችላሉ። ልጃቸው ሄለን ከምትኖርበት ከኮንኮርድ መጥታ ሰኞ ዕለት ቤት ስትገባ እናቷ «ቁጭ ብዬ ልቤን ሳዳምጥ አልውልም፣ የሆነ ቦታ ውሰጂኝ» አሏት። ሄለን ልጆቿ በትምህርት ቤት ጉዞ አይተውት የወደዱት ሳን ሆዜ ያለ የግብፅ ሙዚየም ትዝ አላት። ፈርዖን ከተባለ እኔ እንደማልቀር ስለሚታወቅ ተጠራሁ። ጋሼ ደምሴ ነዱ፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው መሪ አይነካም።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ባሕር የበላው ሰውዬ ቤት እኔ ምን ልሠራ?»

«ማሚ፣ ጀስት ሙዚየም ነው» አለች ሄለን።

«ግቢ ባክሽ፣ ከሰጠመ ቆይቷል» አሉ ጋሼ ደምሴ።

አማትበው ገቡ። ጋሼ ደምሴ ግን ዘመድ ቤት የሄዱ ነው የመሰሉት። መቃብር አስመስለው የሠሩት ክፍል ውስጥ ገብተው ግድግዳውን በዓይናቸው ለኩ፣ ጣራውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ደክመዋል። እብነ በረድ ግን ቢያደርጉበት…» አሉ። ባለሙያ ለባለሙያ የሚሰጠው አስተያየት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ፊት ስንደርስ ነው። ያ ከተራራ የተፈለፈለው ቤተ መቅደስ ነው፤ አራቱ ራምሴሶች በሩን ግራና ቀኝ ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ጠጋ ብለው አዩና ከግዙፉ እግር አጠገብ፣ ጉልበቱ እንኳ ጋ የማትደርስ ሴት በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይቺ ልጁ ናት?»

«ሚስቱ ናት። ንግሥቲቱ።»

«ታዲያ ምነው አነሰች?»

«እሱ ስለተለቀ» አልኩ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ያነበበ ሰው ግን ማቆም አይችልም፤ ለምን እንዳነበበ ማስረዳት አለበት። ግብፆች ስሙ ተጽፎ የሚጠራለት ሰው ሞቶም እንደሚኖር፣ ስሙ የጠፋበት ግን ዳግመኛ እንደሞተ ያምኑ እንደነበር፣ ስም መፋቅ ከመግደል የማይሻል ቅጣት እንደነበር ዘርዝሬ አወራሁ። እትዬ አስካለ በጥሞና ሰሙኝ።

«የሷ ስም ተጽፏል?» አሉ።

«አዎ፣ እዚያው አጠገቧ ተቀርጿል።»

እትዬ አስካለ ዞር ብለው «ደምሴ፣ እስቲ ስልክህን አምጣ» አሉ። ጋሼ ደምሴ ደስ አላቸው። ከፈርዖን ጋር ሊወዳደሩ ነው። ፎቶውን ከፍተው ሰጧቸው። እትዬ አስካለ በሁለት ጣታቸው አስፍተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አውርደው፣ ድምፅ እያወጡ አነበቡ። «የአቶ ደምሴ ኃይሌ አበጋዝ… እና የባለቤታቸው… ማረፊያ።»

«ይኸው፣ አለሽበት» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«የት ነው ያለሁት?»

«"የባለቤታቸው" ይላል እኮ! ሌላ ሚስት አለኝ?»

«እኔ ብሞትና ሌላ ብታገባ ድንጋዩን መለወጥ አያስፈልግህም ማለት ነዋ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ይቺ ከጉልበቱ ሥር ያለችው ስም አላት። እኔ ጉልበትህ ጋም አልደረስኩ። ሐሙስ ከአልጋው ካልተነሣሁ ወደዚያ እንዳትወስዱኝ። እዚሁ ሄይዋርድ ሣሩ ውስጥ ቅበሩኝ። ሄለን ስሜን ታጽፍልኛለች።»

ሄይዋርድ ያለውን መቃብር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሣር ማጨጃው እንዲያልፍ ድንጋዩ ሁሉ ከመሬት እኩል ነው። ሰንሰለት የለ፣ ከረባት የለ።

ጋሼ ደምሴ ሚስታቸውን መቆጣት ስላልቻሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የመጽሐፍ ቀበኛ! በደህና የኖረ ትዳር ይዤ መጣሁ፣ በአንድ ፎቶ አፈረስሽው። ሙሴ እንኳ ፈርዖንን እንዲህ አላደረገውም!»

«ጋሼ፣ እኔ አልቀረጽኩትም» አልኩ። «ደግሞ ይኸው ፈርዖን ለአንዷ ሚስቱ ከጎኑ ለብቻዋ ቤተ መቅደስ ሠርቶላታል። እዚያ ላይ ከሱ እኩል ቁመት አላት።»

«ለአንዷ» አሉ እትዬ አስካለ። «ለሌሎቹስ?»

ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፍኩ። ስንመለስ ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ሄለን ከፊት ተቀምጣ መስኮቱን ታያለች። ነርስ ናት፤ ሐሙስ ምን ማለት እንደሆነ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ለሆስፒታል የሚይዙትን ነጠላ ያጥፋሉ። ጋሼ ደምሴ ለካ ሁለት ቀን አልተኙም። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው አዲስ አበባ ላለው ሐውልት ሠሪ ደወሉለት።

«የባለቤቴን ስም እንድትጨምርልኝ ነው። ከኔ እኩል በሆነ ፊደል። "የባለቤታቸው" የሚለውን አጥፋው።»

«ይቻላል ጋሼ። ሙሉ ስማቸውን ይንገሩኝ።»

«ወይዘሮ አስካለ ወልደ ሚካኤል ተሰማ!» አሉ፤ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ ነበር።

«እሺ። የክርስትና ስማቸውስ? የእርስዎን ከላይ ጽፈነዋል፤ የእሳቸውም ይግባ እንጂ። ለፍትሐት ካህናቱ የሚጠሩት በሱ ነው።»

ጋሼ ደምሴ ሄለንን አዩ፤ ሄለን «ማሚም አላት እንዴ?» ብላ በዓይኗ መልሳ አየቻቸው። እኔን አዩ። እኔ ደግሞ የፈርዖንን አምስት ስም አውቃለሁ፣ የእትዬ አስካለን የክርስትና ስም አላውቅም። እሳቸው ነጠላቸውን ማጠፋቸውን ቀጥለዋል።

«ሃሎ? ጋሼ ደምሴ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አሉ ጋሼ ደምሴ። «መልሼ እደውላለሁ።»

ስልኩን ዘግተው ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ መሆናቸውን ያየሁት።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ያንተን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ አስካለ። «በየቅዳሴው እጠራሃለሁ። አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ዝም አልኩ፤ ከዚያ እኔም ዝም ማለቱን ለመድኩት።»

«ንገሪኝ።»

እትዬ አስካለ ነጠላውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ወለተ ሰንበት» አሉ።

«ወለተ ሰንበት» አሉ ጋሼ ደምሴ። ደገሙት። ሄለንም በዚያ ባሜሪካ አንደበቷ ቃል በቃል ተከተለቻቸው። ጋሼ ደምሴ ስልኩን ሊያነሡ ሲሉ እትዬ አስካለ እጃቸውን ያዙ።

«ለሱ ቆይተህ ትነግረዋለህ። ነገ ሲያስገቡኝ በሩ ላይ ቁምና በሱ ጸልይልኝ። ከወጣሁ የት እንደምቀበር እንነጋገራለን። ካልወጣሁም የጠራኝ ሰው አለ።»

ሐሙስ ዕለት ፓሎ አልቶ እኔም ነበርኩ። ጋሼ ደምሴ ወንበር አልፈለጉም፤ ቆመው ዋሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያለፈች አንዲት ሠራተኛ ሰው የሚጠሩ መስሏት «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» አለቻቸው። ሰው እየጠሩ ነው አልኳት።

እትዬ አስካለ ወጡ። ቀስ እያሉ ዳኑ። መቃብራቸው ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም፤ እሳቸው ሄይዋርድ ይላሉ፣ ጋሼ ደምሴ አዲስ አበባ ይላሉ፣ ድንጋይ ሠሪው መሐል ቤት መሮውን ይዞ ይጠብቃል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ጎራ ስል በዚሁ ጉዳይ ጦፈው አገኘኋቸው።

«ስሚኝ እንጂ ወለተ ሰንበት!» ይላሉ ጋሼ ደምሴ።

«ቀስ በል» አሉ እትዬ አስካለ። «እሱን የሰጠሁህ ልትጨቃጨቅበት አይደለም።»