ሁለት ሰዓት ላይ ይዘንባል

«ቀላል» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። አንድን ነገር ቀላል ነው የሚላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ የማይሠራው ነው። ከባዱንማ ማን ይደፍረዋል? ለከባዱ ስንቅ እንቋጥራለን፣ ሽማግሌ እናማክራለን፣ ስለት እንሳላለን። ቀላሉን ግን በነጠላ ጫማ ነው የምንሄድበት። ይህን የምላችሁ እኔ፣ ቡታጅራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት ሰውዬ፣ ካለፈው መስቀል ወዲህ ነው። ከዚያ በፊትማ የቃሉ ዋና አከፋፋይ እኔው ነበርኩ።

የባለቤቴ የወይንሸት ታናሽ ወንድም ደግፌ፣ ወልቂጤ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ስኳር አለበት። ጠዋት ጠዋት መርፌውን ይወጋል፤ ከተወጋ በኋላ ደግሞ ምግቡ ሰዓቱን ካሳለፈ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ብሎታል። ለመስቀል እኛ ዘንድ መጥቶ ሳለ፣ ክትፎው ገና ከሆዳችን ሳይወርድ፣ «ከዘቢዳር ተራራ ሥር ያለውን ፏፏቴ ላሳይህ። ቀላል መንገድ ነው፤ ቢበዛ አንድ ሰዓት» አልኩት።

ወይንሸት ከጓዳ ሰማችን። «ወንድሜን እንደወሰድከው መልሰህ አምጣልኝ፤ ምሳውንም ከሰባት ሰዓት እንዳታሳልፍበት» አለች። እንዲህ ረጋ ብላ ስትናገር እንደማልወድ ታውቃለች።

እኔ ደግሞ ዕቅድ እወዳለሁ። ከመንገዱ ይልቅ ዕቅዱን ሳልወድ አልቀርም። ወረቀት አውጥቼ ባጃጁን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የዕረፍቱን ቦታ ሁሉ ጻፍኩ። የቀረኝ የአየሩ ነገር ነበርና አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችውን ልጄን ሜሮንን ጠየቅኋት። ወዲያው መልእክት ላከችልኝ፤ «አባ፣ ነገ 2 ሰዓት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ይላል።»

ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ዝናቡ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘንባል፣ እኛ ሦስት ሰዓት ላይ እንወጣለን። በወረቀቱ ላይ አሰፈርኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ደግፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እንደተጠራ እንግዳ ዝናቡን ጠበቅነው። አልመጣም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሁለት ተኩል ሆነ፤ ጠብ የሚል የለም። «ኃይለኛው ዝናብ ቀረ» አልኩ፣ ያስቀረሁት እኔ ይመስል።

ባጃጁ ዱካው የሚጀምርበት ወንዝ ዳር አወረደንና እስክንመለስ ሊጠብቀን እዚያው ቆመ። እዚያው በርበሬ የሚያመርቱ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ አዛውንት ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘናቸውና ሰላምታ ሰጠን። «ወአለይኩም ሰላም» ብለው ሽቅብ ተራራውን አዩ። «ደመናው ከጀርባ ተኝቷል። የቀትሩ ዙህር ሳይሰገድ ወንዙን ወደዚህ ተሻገሩት፤ ይሄ ወንዝ አይታመንም።»

ወንዙን አየሁት። ቁርጭምጭሚት አይደርስም። «ሐጂ፣ የዛሬው ዝናብ እኮ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ አለፈ» ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው።

ስልኩን አዩ፣ ተራራውን አዩ። «እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ» አሉ። በአክብሮት ነው ያሉት። እስካሁን የሚያመኝም አክብሮታቸው ነው።

ወይንሸት የቋጠረችውን ምሳ ባጃጁ ውስጥ ተውነው። ለአንድ ሰዓት መንገድ ሸክም ለምን? ደግፌ ኪሱ ውስጥ ለክፉ ቀን የሚይዛቸው አራት ከረሜላዎች ነበሩ፤ እነሱ ይበቃሉ አልን።

አንድ ሰዓት ያልኩት መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዳገቱ በተማሪነቴ ካወቅሁት ዳገት ጋር ስሙ እንጂ ቁመቱ አንድ አልነበረም። ፏፏቴው ግን ድካም የሚያስረሳ ነው፤ ደግፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ለሚረጨው ውሃ ሰጥቶ እንደ ልጅ ሳቀ። ሳየው ደስ አለኝ። እየሳቀም ከረሜላዎቹን አንድ በአንድ በላቸው። አልከለከልኩትም። አራት ዓመት ሙሉ ሻዩን እንኳ መራራ የሚጠጣ ሰው፣ እህቱ በሌለችበት አንድ ቀን ቢጣፍጠው ምናለበት ብዬ ነው።

መውረድ ስንጀምር ሰባት ሰዓት አልፏል። ግማሽ መንገድ ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ዘነበ። ዘነበ ስል ግን አቅልዬው እንዳይሆን፤ ወረደብን ማለት ይሻላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ስምንት። ለወይንሸት ልደውል ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ የለም። የስልኩ ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበርና ፍንትው ብሎ ይታያል፤ 2:00።

ሜሮን ቀኑን ሙሉ ከፈረንጅ እንግዳ ጋር የምትውል ልጅ ናት። ዝናቡ አልቀረም ነበር። በሰዓቱ ነው የመጣው። የዓለምን የሰዓት ክልል ለሃያ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ የሳልኩ ሰው፣ ልጄን «በማን ሰዓት?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ የረገጥናቸው ድንጋዮች የሉም። ጠዋት እያሳሳቀ ያሻገረን ውሃ ጭቃ መስሎ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ ባጃጁ ቆሟል፣ ሾፌሩ ግን አይታይም፤ ባጃጁ ውስጥ ምሳው አለ። ደግፌ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዝናቡ አባርቶ ሳለ ከግንባሩ ውሃ ይንቆረቆራል፤ ላብ መሆኑ ገባኝ። እጁን ያዝኩት፤ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ያ መዝገብ ማን ጠረጴዛ ላይ ነው የቀረው?» አለኝ። የምን መዝገብ? ጫካ ውስጥ ነን እኮ! «እንደወሰድከው መልሰህ አምጣልኝ» የሚለው ድምፅ ከወንዙ በልጦ ተሰማኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ውሃው ጭኔን መታኝና ወድቄ፣ ቁጥቋጦ ጨብጬ ወጣሁ። ቀና ስል ማዶ ሐጂ ሸምሱ ቆመዋል። ከዙህር ሶላት በኋላ ወንዙ ዳር እየተመላለሱ ሲጠብቁን ነው የዋሉት።

«ስኳር!» ብዬ ጮህኩ። «ሐጂ፣ ስኳር!»

«ማነው?» አሉ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

«ደግፌ! ስኳር አለበት! ስኳር ይወርውሩልን!»

«አዑዙ ቢላህ! ስኳር ካለበትማ ስኳር አይነካም! የኔም ባለቤት አለባት፣ ሐራም ነው ያሏት!»

ሕዝበ ክርስቲያን፣ በሽታውንም መድኃኒቱንም በአንድ ስም የጠራው ማነው? ጠዋት አንድ «ሁለት ሰዓት» ሁለት ትርጉም ይዞ አሳሳተን፤ አሁን ደግሞ አንድ ስኳር ሰው ሊገድልብኝ ነው። ከኋላዬ ደግፌ በጎኑ ተጋደመ።

«አንሶት ነው!» አልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። «አልበዛበትም፣ አነሰው! አነሰው፣ ሐጂ!»

ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አየሁ። ሲመለሱ በሁለት የውሃ ፕላስቲክ የተበጠበጠ ስኳር ይዘዋል። «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን ወረወሩ። መሐል ላይ ወደቀና ወንዙ ይዞት ሄደ። ሁለተኛውን ወዲያው አልወረወሩም፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ሌላ የለንም። ወረወሩት። ደረቴን መትቶኝ ከሆዴ ጋር አቅፌ ያዝኩት።

የደግፌን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣሁት። ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዓት ማየት አስጠልቶኝ ነበር። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና «በጣም ጣፍጧል፤ ለእህቴ እንዳትነግራት» አለኝ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ወንዙ የጎደለው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ። ሐጂ መሐል ድረስ ገብተው ክንዱን ይዘው አሻገሩት። እንዲወቅሱኝ ጠበቅሁ፤ ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኪሴ እያዩ በቅን ልቦና፣ «ስልኩ ግን አልዋሸም አይደል? ሁለት ሰዓት ብሎ ነበር አላልከኝም?» አሉ። ነገሩን እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው። አልሳቁም።

ወይንሸት ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። እሱም አለፈ።

አሁን በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ነው። በየጠዋቱ ስልኬ ይጮኻል፤ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ያን ተራራ እንደ መዳፋቸው የሚያነቡት ሰው፣ የኔን ስልክ ምን ይላል ብለው ይጠይቁኛል። ዛሬም ደውለው ነበር። መልእክቱን አየሁና፣ «ሐጂ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘንባል ይላል» አልኳቸው።



«በማን?» አሉኝ።