የአምስት ዓመት ቦንድ ለሚሄድ ሰው

ካምፓላ ውስጥ የሐበሻ ቤት ስትገቡ ቁም ሣጥን ፈልጉ። አታገኙም። ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አቅም ያለውም አይገዛም። ነገ ለሚሄድ ሰው ቁም ሣጥን ምን ያደርግለታል? ወዴት እንደሚሄድ አትጠይቁት፤ ካናዳም ይሁን አውስትራሊያ፣ ኬዙ፣ ማለትም የስደተኛ ማመልከቻው፣ ወደመራው ነው። በዚህ "ነገ" ውስጥ ስንቱ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸብቶ፣ አንዳንዱም እዚሁ ተቀብሮ አይቻለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ባንክ እሠራ ነበር። እዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቡጎሎቢ አንድ የመለዋወጫ መደብር ውስጥ ደረሰኝ እጽፋለሁ። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ "ባንከሩ" ነው የሚለኝ። በስደት ማዕረግ አይሻርም፤ የሚሻረው ደመወዙ ነው። ትንሽ ሴንቴ፣ የካምፓላ ሰው ገንዘብን እንዲህ ነው የሚለው፣ የቋጠረ ሁሉ ያማክረኛል፤ ምክር ወጪ ስለሌለው እኔም አልሰስትም።

ጋሽ መኮንን ካትዌ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው ሰላም የምትባል አንድ ልጅ ናት። ሰላም ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ የነርሶች ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የአባትየውን ዓይን ደግሞ የብየዳው ብርሃን እየበላው ነው። የረጅም ዘመን ቁጠባቸው የልጅቷ ትምህርት ማለት ነው፤ እሱ ከጠፋ ሌላ አይመጣም።

"ምን ላድርገው?" አሉኝ አንድ ቅዳሜ፣ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

እኔም ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። መንግሥትም እንደ እኛ ይበደራል አልኳቸው። ለአጭር ጊዜ፣ ለሦስት ወርም ለዓመትም ሲበደር የሚሰጠው ወረቀት የግምጃ ቤት ሰነድ ይባላል። ለረጅም ጊዜ፣ ለሁለትም ለአሥርም ዓመት ሲሆን ቦንድ ነው፤ ወለዱን በየስድስት ወሩ ይከፍላል፣ ዋናውን መጨረሻ ላይ ይመልሳል። ኩባንያም ቦንድ ይሸጣል፤ ኩባንያ ግን ሊከስር ስለሚችል ከፍ ያለ ወለድ ካልሰጠ ማንም አያበድረውም። እና ወለድ ሲበዛ ከመደሰት በፊት "ለምን በዛ?" ማለት ነው። የመንግሥቱም ቢሆን አደጋ አያጣውም፤ ኑሮ ከተወደደ ወለዱን ይበላዋል፤ ቀኑ ሳይደርስ ልሽጥ ካሉም፣ የገበያው ወለድ ጨምሮ ከቆየ ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ይሸጡታል።

"ስለዚህ የአምስት ዓመቱን ይግዙ" አልኩ። "በየስድስት ወሩ በሚመጣው ወለድ ሰላም ትማራለች፤ ዋናው አይነካም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ጋሽ መኮንን ብረት የሚሞርዱበትን ግራይንደር አጠፉት።

"አምስት ዓመት? እዚህ?" አሉ። "አንተ፣ እዚሁ ሙት ነው የምትለኝ? ለጉዞው የሕክምና ምርመራ ጨርሰናል እኮ! የቀረን ጥሪ ብቻ ነው።"

ምርመራውን የጨረሱት ሰላም አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ነበር። ይህን ግን በአፌ አላልኩትም። ያን ሁሉ አደጋ ስዘረዝርላቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም፤ እሳቸውን ያስፈራቸው እኔ ከአደጋ ያልቆጠርኩት ነው፤ ካምፓላ ውስጥ አምስት ዓመት መቆየት።

ከወር በኋላ መደብሩ ድረስ አንድ ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። ማኅተሙ ያብረቀርቃል፤ "የሦስት ወር ቦንድ" ይላል። የሚሸጠው ያገራችን ልጅ ነው፤ እዚያው ቡጎሎቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ከፍቷል። ወለዱ የመንግሥቱን አራት እጥፍ ነው። ጋሽ መኮንን በትንሽ ሞክረው የመጀመሪያው ወለድ ወዲያው ተከፍሏቸዋል፤ አሁን ሁሉንም ሊሰጡ ነው። ወረቀቱን አገላበጥኩት። ኩባንያው ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ ማን እንደመዘገበው አይናገርም። "ሌባ ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ልጁን አውቀዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት አብረን እንቀመጣለን። "ባንከሩ ቀንቶ ስሜን አጠፋ" ቢልስ? ይሉኝታ ያዘኝ።

"እንጃ ጋሼ፣ ወለዱ በዛ" አልኩ። "እርስዎ ያውቃሉ።"

"ሦስት ወር እኮ ነው" አሉ እየሳቁ። "በሦስት ወር ምን ይመጣል?"

በሦስት ወር የመጣውን ልንገራችሁ። ቢሮው ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ የልጁ ስልክ ዝም አለ። ፖሊስ አቤቱታውን መዘገበ፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ አለ። ልጁ አገር ለቆ ወጥቷል ተባለ። ከሁላችንም ቀድሞ የሄደው እሱ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ልተርትባቸው አፍ የለኝም፤ ሲጥሉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አፍሬያለሁ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ኮሌጁ የሰላምን ቦታ ለሌላ ሰጠ። እሷ ኪቡሊ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካርቶን ትደረድራለች፣ ወለል ትወለውላለች። የጋሽ መኮንን ቀኝ ዓይን ጠፍቷል፤ የበየዱትን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚያረጋግጡት፤ ጣታቸውም ተቃጥሎ አልቋል። ጥሪው አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ሰላም ከሥራ ወጥታ በቦዳ ሞተር ብስክሌት ተሳፍራ መደብሩ ድረስ መጣች። የወቀሳ ቀን ደረሰ ብዬ ተነሣሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ደብተር አወጣች።

"ከደመወዜ ትንሽ አጠራቅሜያለሁ ጋሼ" አለች። "ያን ጊዜ ለአባባ የነገሩትን ለእኔም ይንገሩኝ። የአምስት ዓመቱን ልገዛ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት። ያን ጊዜ ያልተናገርኩትንም ጨመርኩ፤ ልጁ ሌባ መሆኑን ወረቀቱን እንዳየሁ አውቄ እንደነበር ነገርኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሷም ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች።

"እርስዎስ ጋሼ፣ የስንት ዓመቱን ነው የገዙት?"

እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ መልሴን ትጠብቃለች።

"እኔማ አልገዛሁም" አልኳት። "የእኔ ኬዝ ሊያልቅ ነው።"