ከክርን ከፍ ብላ ያለችው ቦታ

ወዳጄ፣ ራስህን ሲያምህ ምን ታደርጋለህ? እኔ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለችውን ሥጋ ቆንጥጬ እቀመጣለሁ። አትሳቅ! ልጄ ናት ያስተማረችኝ፣ ያውም በስልክ፣ ከዓረብ አገር። ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ቆይታለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እዚህ መካነ ሰላም ያለነው እኔና ስልኩ ነን፤ ከሁለታችን ብዙ የሚያወራው እሱ ነው።

ይህን ትምህርት ለወጌሻችን ለሰይድ ነገርኩት። ሰይድ ከወግዲም ከከላላም በበቅሎ ሰው የሚመጣለት ሰው ነው። እሱም ቢሆን ታዲያ የታመመችውን ቦታ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጃል። ቅቤ ቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን ወዲህ ወዲያ እያመላለሰ፣ መሃል ላይ ስለ ዝናቡ እየጠየቀህ ይፈልጋል። ያለ ቅቤ ደግሞ ምን ወጌሻነት አለ ብሎ ልጄን ናቃት። እውነቱን ልንገርህ? እሱ ዘንድ የምሄደው ትከሻዬን አሞኝ ብቻ አይደለም። ሰው ሲነካህ ደስ ይላል። አንድ ቀን የታመመው ቀኙ መሆኑን ረስቼ ግራውን አመመኝ ብለው፣ ግራውን አሸልኝ። "አብሽሩ፣ ይሻልዎታል" አለኝ።

ዘንድሮ ልጄ ለእረፍት መጣች። ቤቱ ድምፅ አገኘ። አንድ ቀን ሌላ ቦታ ላሳይህ አለችኝ፤ ከክርን ከፍ ብሎ፣ በክንድ ውስጠኛው በኩል። ሰው ግጥም አድርጎ ሲይዝህ እዚያ ላይ ጫን ነው፤ ክንዱ ይደነዝዝና ይለቅሃል አለች። እኔን ማን ይይዘኛል፣ ለዚህ እኮ መጀመሪያ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል አልኳት። ሳቀች። አንቺስ ለምን ተማርሽው ስላት፣ ለጨዋታ ነው አባዬ ብላ ሳህን ልታጥብ ተነሳች። ብቻዬን ስሆን ክንዴን ስደባብስ ዋልኩ። አላገኘኋትም። ውሸት ነው ብዬ ተውኩት።

እንድትቀር ለምኛታለሁ። አንድ ኮንትራት ብቻ፣ ከዚያ ጠቅልዬ እመጣለሁ አለች። ባለፈውም ያለችው ይህንኑ ነበር።

መናኸሪያ ሸኘኋት። የደሴው መኪና ሞልቷል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። በእኛ አገር አባት ልጁን ጉንጯን ስሞ፣ መርቆ ነው የሚሸኘው። እኔ ግን አቀፍኳትና አለቅም አልኩ። ሰው ያያል እንኳ አላልኩም። በቃ አባዬ፣ መኪናው ሊሄድ ነው አለች። አልለቀቅኋትም።

ያኔ በጋቢዬ ላይ አንዲት ጣት ክንዴን ተጫነች። እስከ ትንሿ ጣቴ ድንዝዝ አለኝና እጄ ወደቀ። ይቅርታ አባዬ ብላ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ገባች። በመስኮት ያየው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለካ ይሠራል!

መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነው ሳቄ የጠፋው። ሰይድ በቅቤ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስንት ጊዜ የሚፈልገውን ዓይነት ቦታ፣ ልጄ በወፍራም ጋቢ ላይ፣ ሳታይ፣ በአንዴ አገኘችው። ለጨዋታ የተማረ ሰው እንዲህ አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ማን እየያዘሽ ነው እንዲህ የለመድሽው ብዬ ልጠይቃት አስባለሁ። ድምጿን ስሰማ ግን፣ ራስሽን አላመመሽም ወይ ብዬ አልፋለሁ።