የአባ ንቃ ዓይኖች ሳይከደኑ የቆዩባቸው አሥራ አንድ ቀናት

የመኪና ማጠቢያው ቧንቧ በፈነዳ በሦስተኛው ዓመት፣ ተቀያሪ ሹፌር በተቀነሰ በሰባተኛው ወር፣ በዘመነ ካሜራ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር የሆኑት፣ ርእሰ ሹፌራን፣ ጽኑዐ ወገብ፣ መስፍነ መሪ፣ ትጉሀ ዓይን፣ በአውቶቡስ ስማቸው አባ ንቃ የሚባሉት፣ አዛጉ።

ይህችም ማዛጋት እንደ ተራ ሰው ማዛጋት አልነበረችም። ሁለት ሹፌር ይፈራረቅበት የነበረውን መንገድ አባ ንቃ ብቻቸውን ከማለዳ እስከ ምሽት ይነዱት ነበርና፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የሹፌር ድካም ቢያሳስባቸው፣ ተቀያሪውን በመመለስ ፈንታ ጡጫ የምታህል ካሜራ ገዝተው ከመሪው ፊት አስተከሉ፤ እርስዋም የሹፌሩ ዓይን ሁለት ሴኮንድ ከተከደነ ትጮኻለች፣ መጮኋንም ለቢሮ ታስታውቃለች። አዋጅም አስነገሩ፦ «በወር ሦስት ጊዜ የተጮኸበት ሹፌር ቁልፉን ያስረክብ፤ የበር ዘበኛ ይሁን። ደከመኝ የሚል ካለ ለእኔ አይንገረኝ፤ ካሜራዋ ትነግረኛለች።»

በአባ ንቃ ላይ ሁለት ጊዜ ተጮኾባቸው ነበር። ሦስተኛዋ ከተጨመረች፣ ሃያ ስድስት ዓመት የጨበጡትን መሪ ለቅቀው፣ በሩ ላይ ባለችው፣ አንድ እግሯ በጡብ በተደገፈችው ወንበር ይቀመጡ ዘንድ ግድ ሆነ።

ስለዚህ ሠራዊታቸው ተሰበሰበ። በቀኝ ቲኬት ቆራጯ ቆመች፣ ድምፅዋ የአውቶቡሱን ጡሩምባ ሥራ ያስፈታ፤ በግራ ጎሚስታው፣ ጣቶቹ በማስቲሽ ተጣብቀው የሚውሉ፤ ከኋላ መካኒኩ፣ ከመኪና ሥር ስለማይወጣ ከጫማው በቀር መልኩ የማይታወቅ፤ ከሁሉም ኋላ የአባ ንቃ ባለቤት፣ እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም እያሉ መቀስ ይዘው የመጡ። ቲኬት ቆራጯም ነጋሪት ቢቸግራት የአውቶቡሱን በር ደብድባ አወጀች፦ «ጋሼን ለጡብ ወንበር አሳልፌ የምሰጥ እንዳይመስላችሁ። ካርቶን ያለህ ካርቶን አምጣ፤ ማስቲሽ ያለህ ማስቲሽ አምጣ፤ ሁለቱም የሌለህ አፍህን ያዝ።»

ከዚህም በኋላ፣ የአባ ንቃ ልጅ የተመረቀች ዕለት ፎቶ አንሺው ሳይነግራቸው ብልጭ ስላደረገባቸው ዓይናቸው ፈጦ የቀረበት ፎቶ በቁመታቸው ልክ ጎልቶ ታትሞ፣ ራስና አንገቱ ተቆርጦ፣ ካርቶን ላይ በጎማ መለጠፊያ ማስቲሽ ተጣብቆ፣ በሽቦ ታስሮ ከካሜራዋ ፊት ተተከለ። ከፎቶው ኋላ አባ ንቃ ጭናቸውን እየቆነጠጡ፣ ቲኬት ቆራጯም በማጅራታቸው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያንጠባጠበች፣ ነዱ። መንገደኞችም የፎቶውን ዓይን በመስታወት እያዩ፣ እንዲህ ያለ ንቁ ሰው እስከ ነዳን ብለው እንቅልፋቸውን ለጠጡ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሪፖርቱ ቢሮ ደረሰ፤ አባ ንቃ አንድም ጊዜ ዓይናቸውን አላርገበገቡም። በቢሮው ይህ እንዴት ይሆናል ያለ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም አወጁ፦ «እንዲህ ያለ ዓይን ተገኝቶ ዕረፍት መስጠት ማባከን ነው፤ የእሑዱም መንገድ ለእሳቸው ተጨምሯል። ሽልማትም ይሰጣቸዋል።»

በሽልማቱ ዕለት ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከእንግዶቹ መካከል አንድ የአውሮፕላን ዋና አብራሪ ነበሩ፣ በአውሮፕላናቸው ያችው ዓይነት ካሜራ የተተከለች፣ ሪፖርታቸውም እንደ አባ ንቃ እንከን የሌለው፤ ሥራ አስኪያጁም ከሰዓት በኋላ በእሳቸው አውሮፕላን ሊበሩ ቲኬታቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ነበር። የካሜራዋ ባለሙያ ካሜራዋን ለሽልማቱ ማሳያ ከአውቶቡሱ ሊፈታ ሲመጣ ቲኬት ቆራጯ ቀድማው ካርቶኑን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበርና፣ አንድ ጆሮው ብቻ ውጭ ቀረ። ካሜራዋም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ወደ አባ ንቃ ወንበር ዞረች።

ሥራ አስኪያጁ ቆመው ውዳሴውን ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጡ የአባ ንቃ አገጭ ደረታቸው ላይ ዐረፈ። ካሜራዋ ጮኸች። ሥራ አስኪያጁም፦ «ካሜራዋ ከቦታዋ ስለ ተነሣች ደክሟታል» ብለው አወጁ። ደግማ ጮኸች። ባለሙያው ጣሪያውን አየ፤ መካኒኩ ጫማውን።

በዚህ ጊዜ ዋና አብራሪው፣ የካርቶኑን ጆሮ አይተው ኖሮ፣ ወደ ቲኬት ቆራጯ ጎንበስ አሉና በምን እንዳጣበቀችው በትሕትና ጠየቋት፤ የእሳቸው፣ ከደመና በላይ ሲደርሱ፣ ባፍንጫው በኩል እየተላቀቀ አስቸግሯቸዋልና።

ሥራ አስኪያጁ ከጎናቸው ቆመው ነበርና ሰሙ። የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ። ከዚያም ሊበሩበት ወደ ነበረው ከተማ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ አውቶቡስ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። አለ ተባሉ። ሹፌሩ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

የካሜራዋን ገመድ በገዛ እጃቸው ነቀሉ፤ ኮታቸውን አውልቀው በአባ ንቃ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ፤ ዝቅ ባለም ድምፅ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ማንም እንዳይቀሰቅሳቸው።»

የቀረውም ውዳሴ፣ ርእሰ ሹፌራን፣ ጽኑዐ ወገብ፣ መስፍነ መሪ፣ ትጉሀ ዓይን የሚለው፣ አውቶቡሱ የሚነሣበት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ በሹክሹክታ ተነበበ።