ዶክትሬት በመረሬ አፈር

በደርግ ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ከሁሉ ቀላሉ ነገር ትምህርቱ ነበር። ትምህርት ምን አለው? ይጠናል፣ ከዚያ ይረሳል። ችግሩ አንድን ሰው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለማስነሳት ስንት ወገን መስማማት እንዳለበት ነው። መሥሪያ ቤቱ ይስማማል፣ ቀበሌው ይስማማል፣ ደኅንነቱ ይስማማል። አውሮፕላኑም አፍ ቢኖረው ኖሮ ማመልከቻ አስገባ ይለኝ ነበር።

እኔ በመንግሥት ላቦራቶሪ የምሠራ የአፈር ባለሙያ ነበርኩ። ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር፣ ወጪው ሁሉ የተሸፈነ የዶክትሬት ምርምር ዕድል መጣልኝ፤ የብርድ ካፖርት ሳይቀር ይሰጣሉ። የፈለጉብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምመራመርበትን የአገሬን አፈር ይዤ እንድሄድ። ባለቤቴ ዓለሚቱ ሳቀች። ሰው ወደ ውጭ ሲሄድ ቡናና በርበሬ ይጭናል፣ አንተን ደግሞ አፈር ጫን አሉህ? አለችኝ። ሳቀች እንጂ ያን ሰሞን ሹራብ መሥራት ጀምራ ነበር።

እኔም ወሎ ሰፈር በቀበሌያችን ስብሰባ ሁሉ ከሰው ቀድሜ እየተገኘሁ፣ ለገባኝም ላልገባኝም እያጨበጨብኩ፣ ፈቃዶቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። አፈሩ ብቻ ቀረ።

የምመራመርበትን መረሬ፣ ያንን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ፍለጋ ከቦሌ ለሚ ወዲያ ሄድኩ። ያኔ እዚያ ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም፤ ጤፍና ሽምብራ ነው። የአፈር ባለሙያ እንደ ዶሮ ላይ ላዩን ጭሮ አይመለስም። ሽፋኖቹን ለማየት ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ርዝመቱ የሰው ቁመት፣ ጥልቀቱም የሰው ቁመት፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ምን እንደሚመስል አንባቢ ሳይገባው አይቀርም። ለእኔ ግን፣ ምሁር ነኛ፣ አልገባኝም።

ሁለት የቀን ሠራተኞች ቆፈሩልኝ። ውስጥ ገብቼ አፈሩን በየከረጢቱ ስሞላ ጥላ አረፈብኝ። ቀና ስል አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ማንን ልትቀብሩ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ አውቶቡስ መጣ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

«ማንንም አይደለም፣ እማማ። ለጥናት ነው።»

«የእኔንም ልጅ ለጥያቄ ነው ብለው ነው የወሰዱት» አሉና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። «መቃብሩን ያሳየኝ የለም። ለዚህኛውስ እናት አለችው?»

መረሬ በክረምት እንዴት እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ውዬ ባወራ የማይደክመኝ ሰው፣ ከረጢቱን መሬት አስቀመጥኩ። ወጥቼ አጠገባቸው ልቀመጥ አልኩ፤ ጉድጓዱ ግን በቁመቴ ልክ ነውና ቶሎ አያስወጣም። ያወጡኝ ጉድጓዱን ተጠራጥረው የመጡ፣ ምንሽር የያዙ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ናቸው። የቀን ሠራተኞቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ገመዳ የሚባሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። የዶክትሬቱን ነገር ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አፈሩ ጥሩ ነው ብለህ ከጻፍክ ይወስዱብናል» አሉኝ። «መጥፎ ነው ብለህ ከጻፍክ ደግሞ ተነሥታችሁ ሌላ አገር ስፈሩ ይሉናል። የትኛውን ልትጽፍ ነው?»

እሱን የሚወስነው ሳይንስ ነው አልኳቸው። ሳይንስ ከዚህ በፊትም በላንድሮቨር መጥቶ እንደነበር ነገሩኝና፣ የሚያውቅህ ሰው እስኪመጣ እዚሁ ትቆያለህ ብለው አስቀመጡኝ።

በማግስቱ አለቃዬ ጓድ በላቸው መጣ። ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ጓድ በላቸው ምንሽሮቹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ። «በመልክ አውቀዋለሁ» አለ። አብረን የሠራነው ዘመን እንኳን ለመልክ፣ ለጠባይም ይበቃ ነበር። ልቆጣው አልቻልኩም። በዚያን ጊዜ ሰውን በመልክ አውቀዋለሁ ማለትም ድፍረት ነው።

ኦቦ ገመዳ ለቀቁኝ፤ ከረጢቶቹን ጭምር ገልብጬ ጉድጓዱን እንድደፍን ግን አዘዙ። አሮጊቷ ጉድጓዱ ተደፍኖ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አዩ። ማንም እንዳልተቀበረበት ሲያረጋግጡ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ሄዱ። በሥራ ዘመኔ ስለ ጉድጓድ ያመሰገነኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤቴ ስደርስ ዓለሚቱ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው። ሹራቡን የቱ ጋ እንዳስቀመጠችው አላውቅም።

ሌላ ቦታ ለምን አልቆፈርክም ትሉኝ ይሆናል። በምን ፈቃድ? አጠራጣሪ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የተያዘ ሰው ተብዬ፣ የተስማማው ሁሉ አንድ በአንድ ስምምነቱን አነሣ። ዕድሉ ግን ለአገር የመጣ ነውና መቃጠል የለበትም ተባለ። አስተዋይ ሰው ተፈለገ፤ ጓድ በላቸው ተገኘ።

ጓድ በላቸው እንደኔ ሜዳ ለሜዳ አልተንከራተተም። ቦሌ ቪላው ግቢ ውስጥ፣ ባለቤቱ ጽጌረዳ ከምትተክልበት መደብ አፈር አስነሣ። ከረጢቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጓድ፣ ይህ እኮ መረሬ አይደለም፣ ግማሹ ፍግ ነው ብዬው ነበር።

«አፈር አፈር ነው» አለኝ፣ የወደፊቱ ዶክተር።

ሄደ፣ ተማረ፣ ካፖርቱን ለብሶ ተመለሰ። የጥናቱን ውጤት ባቀረበ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የምሥራቅ አዲስ አበባ መረሬ እስከ ዛሬ ይታሰብ እንደነበረው ውኃ የሚቋጥር ጭቃ ሳይሆን፣ ፈካ ያለ፣ ለምለም፣ በተለይም ለጽጌረዳ እጅግ ተስማሚ አፈር መሆኑን በሠንጠረዥ አስደግፎ አስረዳ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከቀበሌ የቀረኝ ልምድ ነው።

አጠገቤ ላቦራቶሪያችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ ተቀምጣለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ዕድሜዎን ሙሉ አፈር ላይ ሠርተው ለምን ዶክትሬት አልያዙም?» አለችኝ።

«አፈር አጥቼ ነው፣ ልጄ» አልኳት።