በቅድሚያ የተከፈለ ለቅሶ

የነበረኝ ሃያ ሰባት ሰዓት ነው። ዕዳዬ ደግሞ ዘጠኝ ለቅሶ፣ ሦስት አራስ፣ ሁለት ሙሽራና አንድ በሽተኛ።

ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው የሚደክመው በሥራው አይደለም፣ በትምህርቱም አይደለም። የሚያደክመው በሁለቱ መሀል ወድቆ የሚቀረው ኑሮ ነው። ጎረቤት ስትወልድ የፈተና ሳምንት ነው ወይ ብላ አትጠይቅም። ሰውም ሲሞት እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ አይታገሥም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ በእርግጠኝነት የማታ ተማሪ ነበረች።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፤ ባጃጅ የሚባል ፍጡር ገና አልተፈጠረም፣ አለቃውም ተላላኪውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። እኔ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ወደዚያ መጋዘን የገባሁት በተሸካሚነት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሳጥኑን ከተሸከምኩ በኋላ ቁልፉን ሰጡኝ። ብሎን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዛሬም ደረጃ ስወጣ እቆጥራለሁ፣ ሰው ሲያስነጥስም እቆጥራለሁ።

ታዲያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ዲፕሎማ የሌለው ሰው ኃላፊ ሆኖ አይቀመጥም አለ። ቁልፉን ከምመልስ ብዬ በዚያው በከተማችን ለአራት ዓመት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ነገር ሰዓቴን መቁጠር ነበር። ሳምንት መቶ ስልሳ ስምንት ሰዓት አላት። ለመጋዘኑ አርባ አራት፣ ለክፍል አሥራ አምስት፣ ለጥናት ሃያ፣ ለእንቅልፍ አርባ ሁለት፣ ለቀበሌ ስብሰባ፣ ለውይይት ክበብና ለመሠረተ ትምህርት አሥራ ሁለት፣ ለቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ስድስት፣ ለመብላት፣ ለመታጠብና ለመንገድ ሃያ አራት። የሚተርፈው አምስት ነው። ሚስት፣ ሦስት ልጆችና እናት አሉኝ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰዓት ደረሳቸው። ሒሳቡ ልክ መጣ። ለሞተ ሰው የሚሆን ግን አልተረፈም።

መጀመሪያ አላሳሰበኝም። እድራችን ቀብር ላይ ስም እየጠራ የቀረውን ይቀጣል፤ ቅጣቱ ደግሞ ከመሄዱ ይረክስ ነበር። እየከፈልኩ ሁለት ዓመት ቀረሁ። አንድ ዓርብ የእድሩ ዳኛ፣ ባለሱቁ ጋሽ ኑሪ፣ መጋዘኔ ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«ስማ፣» አሉኝ፤ «ይኼ እድር ያንተን ሳንቲም ሊሸከም አልተቋቋመም። ሬሳ የሚሸከም ትከሻ ነው። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ጉባኤ አለን። እስከዚያ ድረስ የቀረህባቸውን ዘጠኝ ቤቶች ዞረህ ካልደረስክ ስምህ ይሰረዛል። መድረስህን ሐዘንተኞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።»

ማታ ለቤተሰቤ ነገርኩ። እናቴ እኛው ጋር ነበረች፤ ሰማንያን የተሻገረች፣ የማትፈልገውን የማትሰማ፣ የምትፈልገውን ግን በግድግዳ አሳልፋ የምትሰማ ሴት። ከተኛችበት ቀና አለችና «እኔ ስሞት ዲፕሎማህ ነው የሚሸከመኝ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቢያንስ አራት ወንድ ነው። ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ፈተናው በዚያው ዓርብ አልቋል። ቅዳሜ ከመጋዘን የምወጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከቅዳሜ ስድስት እስከ እሑድ ዘጠኝ ሃያ ሰባት ሰዓት። በጨለማ ለቅሶ አይደረስም፤ አሥራ ሁለት ይቀነስ። የእሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ይቀነስ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቀረ። ለለቅሶ ከወጣሁ አይቀር የቀረውንም ዕዳ አብሬ ልጨርስ ብዬ ለአሥራ አምስት ቤት አካፈልኩት፤ ለአንድ ቤት አርባ ስምንት ደቂቃ ደረሰ፣ መንገዱን ጨምሮ። ይኼ ለቅሶ ነው ወይስ የጦር ዘመቻ?

ዝርዝሩ አስቀድሞ በእጄ ነበር። ባለቤቴ ዘነበች ማንም ቤት አልቀረችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እራት ላይ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ እያለች ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ አንድ ጆሮዬን ለእሷ፣ አንዱን ለጥናቴ ሰጥቼ እሰማለሁ። የሰማሁትን ክፍል ውስጥ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩት። አሥራ አምስት ረድፍ፣ አራት ዓምድ፤ ለቅሶ፣ አራስ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንሰው መምህራችን በመቀመጫዎቹ መሀል ሲያልፍ አየውና «እንደ እርስዎ በትጋት የሚጽፍ ተማሪ አላየሁም» ብሎ አመሰገነኝ።

እንግዲህ እኔ እንደተምታታሁት እርስዎ እንዳይምታቱ አሁኑኑ ልንገርዎት። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ባለቤታቸው አቶ ገብሬ ከሰባት ወር በፊት ዐርፈዋል። ስምንተኛው ላይ ያለው ዓሣ አጥማጁ ላላሞ ነው፤ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። እኔ ሠንጠረዡን ስሞላ እንቅልፍ እያዳፋኝ ስለነበር ምልክቶቹን አቀያየርኳቸው። ገብሬን በሽተኛ፣ ላላሞን ሟች አደረግኳቸው።

ዘነበች አብሬህ ልሂድ ብላኝ ነበር። ሁለት ሰው የጫነ ብስክሌት በሰዓት ስንት እንደሚዘገይ አስልቼ እምቢ አልኳት። ያልቆጠርኩት ነገር ቢኖር የእሷን ጭንቅላት ጥቅም ነው።

ቅዳሜ መልካም ዋለ። ችግሩ ሐዘንተኛ ፊት ሰዓት ማየት ነውር መሆኑ ነው። ሰዓቴን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩና የጫማዬን ማሰሪያ እያጠበቅኩ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቤት ውስጥ አራት ጊዜ ጫማዬን አሰርኩ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አዘኑልኝና «ልጄ፣ ቁጥሩ ጠቦህ ነው?» አሉኝ። ከለቅሶ ቤት ወጥቼ ሙሽሮች ቤት ስገባ ዐይኔ ገና እንደቀላ ነበር፤ የሙሽራዋ እናት በደስታ ያለቀስኩ መስሏት አቀፈችኝ። አራስ ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ልል «እግዚ» ላይ ደርሼ ነው ወደ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የዞርኩት። ከከተማው ውጪ እስካለችው ቡሹሎ ወርጄ ተመለስኩ። ሲመሽ ዘጠኝ ቤት ጨርሻለሁ።

እሑድ ግን የቀበሌው ስብሰባ አንድ ሰዓት አለፈ። ለመውጣት እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው «ጓድ አስተያየት አለው» ብሎ ዕድል ሰጠኝ፤ ቀድሞ የተናገረውን ሰው አስተያየት እንደምደግፍ ተናግሬ ተቀመጥኩ። ስወጣ አራቱን ቤቶች በሩጫ አዳረስኩ። ቀሩኝ ሁለት፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ረድፍ።

አራት ብርቱካን ይዤ እትዬ አስካለ ቤት ደረስኩ። በር ላይ ተቀበሉኝ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ያን ዘመን ጥቁር ያልለበሰ ማን ነበር?

«ጋሽ ገብሬ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?» አልኩ።

«አሁንስ ምንም አያማቸውም» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ ከልቤ። «ታዲያ የሉም እንዴ?»

«የሉም።»

«ወጣ ወጣ ማለት ከጀመሩማ ድነዋል! መቼ ይመለሳሉ?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እኔ ነኝ ወደ እሳቸው የምሄደው» አሉ።

«ሰላም ይበሉልኝ!» አልኩና ብርቱካኑን ሰጥቼ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። በሽተኛው ስላልነበሩ ሠላሳ ደቂቃ አተረፍኩ። እንዲያውም አፏጨሁ መሰለኝ።

ላላሞ ቤት ሐይቅ ዳር ነው። ከሩቅ ሳይ ግቢው ውስጥ ስድስት ሰባት ወንዶች አግዳሚ ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። መረብ እየጠገኑ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ያቀረቀረ አንገት ነው። ለቅሶ ቤት ከሩቅ እየጮኹ ይገባል እንጂ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ዝም ብሎ አይገባም። ብስክሌቴን ጣልኩና «ላላሞ! ወንድሜ ላላሞ!» ብዬ ገባሁ። ዘጠነኛውና የመጨረሻው ስለሆነ አልቆጠብኩም። «የሐይቁ ጌታ! ድሃ ሲያይ አንጀቱ የማይችል! ዓሣ ሳይመዝን የሚሰጥ! ምነው ሳልሰናበትህ!»

በእውነቱ ላላሞ ዓሣውን ይመዝናል፤ መዝኖም አንዷን ወደ ቅርጫቱ ይመልሳል። ነገር ግን ሟች ይመሰገናል።

ከአግዳሚው ጫፍ ለፀሐዩ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። ላላሞ ነበር።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። እኔ ለሟቹ ነው ያረዳሁት።

እሱ ግን ቢቆጣ ጥሩ ነበር። «አታቋርጥ» አለኝ። «ደህና እየሄድክ ነበር። ሳይመዝን ነው ያልከው?» ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። «ነይ ውጪ! ነይ የሰው ምስክር ስሚ! አንቺ ቆንቋና ትዪኛለሽ!»

ሰዎቹ መረባቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ላላሞ ወባው ከለቀቀው አምስት ወር ሆኖታል። የሞተው ገብሬ መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው። እትዬ አስካለን ምን እንዳልኳቸው ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። «ይኼንንስ ባትለው ጥሩ ነበር» አለ።

ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ ሰዓቴን በግልጽ አየሁ። ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት። የእትዬ አስካለ ቤት በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳቡ አልመጣ አለ። ላላሞ አብሬህ ወደ ጉባኤው እሄዳለሁ ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ከብስክሌቴ ኋላ ተቀመጠ፤ ሁለት ሰው የጫነ ብስክሌት ስንት እንደሚዘገይ ማስላቱንም ተውኩት።

ጉባኤው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ኑሪ አንድ በአንድ እየጠሩ ጠየቁ። ስምንቱ መጥቷል አሉ። አንዱ «ጫማው ችግር አለበት እንጂ መጥቷል» አለ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ተጠሩ። ተነሡ። እናቴን አሰብኳት፤ አራቱን ወንዶችም አሰብኳቸው።

«መጥቷል» አሉ። «አላለቀሰም። ገብሬ ተሻላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ሰው «ያላለቀሰ ደረሰ አይባልም፣ ይሰረዝ» አለ። እትዬ አስካለ አልተቀመጡም። «ሰባት ወር ሙሉ የገባ ሁሉ ገብሬ ሞቱ ይለኛል» አሉ። «ይኼ አንድ ሰው ወጣ ብለው ነው ወይ አለኝ። እሱ በር ላይ የቆመባትን ያህል ገብሬ ወጣ ብለው ነበር። ለእኔ ደርሷል፤ ጻፉት።»

አቀርቅሬ ጫማዬን አሰርኩ። ያን ጊዜ ሰዓቴን ልይ ብዬ አልነበረም።

ጋሽ ኑሪ ዘጠኙ ቤት ሞላ ብለው ሊዘጉ ሲሉ ላላሞ ተነሣ። «የእኔስ?» አለ። «ይኼ ሰው ለእኔ አልቅሷል፤ ያውም እንደዚያ የተለቀሰለት ሰው በዚህ እድር አላየሁም። አለመሞቴ የእሱ ጥፋት ነው?» ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ኑሪ ለጸሐፊው አዘዙ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ለቅሶ በቅድሚያ ከፍሏል ተብሎ ተጻፈልኝ።

ቤት ስገባ እናቴ «እቀበራለሁ ወይስ አልቀበርም?» አለችኝ።

«ትቀበሪያለሽ፣ እማዬ።»

«እፎይ። በል አሁን ሄደህ ዲፕሎማህን ተማር።»

ተማርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዲፕሎማ የምቀበልበት ቀን ንጋት ላይ፣ የእድሩ ጡሩንባ ጮኸ። ላላሞ ሞተ፤ አሁን በእውነት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት፣ ምረቃውም ዘጠኝ ሰዓት። ጋሽ ኑሪ ሰው ላኩብኝ፤ «የእሱን ከፍለሃል፣ ሄደህ ወረቀትህን ተቀበል» አሉ። ልክ ናቸው፤ መዝገብ ላይ አለ። ከረባቴን አስሬ ወጣሁ፣ ብስክሌቴ ግን ወደ ሐይቅ ዳር ዞረ። እዚያ ደርሼ ልጮህ አፌን ስከፍት ቃል አጣሁ፤ ደህና ደህናውን ሁሉ በቁሙ ሳለ ጨርሼዋለሁ። እንባ ብቻ መጣ። ከኋላዬ አንዱ «በሕይወት እያለ ያለቀሰለት ይሻል ነበር» ሲል ሰማሁ።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ይዘጋል። ኪሳራ፦ ጭብጨባና ፎቶግራፍ፤ ዲፕሎማዬን ሰኞ በመስኮት ፈርሜ ተቀበልኩ። ትርፍ፦ እናቴ ከዚያ ስድስት ዓመት ኖረች። የተቀበረች ቀን አስከሬኑን የተከተለውን ሰው ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አርባ ላይ ስደርስ ዐይኔ ሞላና ቆጠራው ተበላሸብኝ። በዕድሜዬ ሳልጨርስ የተውኩት ቆጠራ እሱ ብቻ ነው።

የላላሞን ቀብር በአካል ስለደረስኩ ያ ቅድሚያ ክፍያ ሳይነካ ዛሬም መዝገቡ ላይ አለ። አንድ ለቅሶ ትርፍ አለኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ንብረት ሳይሠራበት መበላሸቱን ደግሞ አልወድም። ላላሞ እንዳስተማረኝ የሚለቀስለት ሰው በጆሮው እየሰማ ቢሆን ይመረጣል።

ለመሆኑ፣ እርስዎ ጤናዎ እንዴት ነው?